14 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ለምን እንግዳ ሆኖ ይሄዳል? የኤንኤፍኤል ዋይልድ ካርድ አሠራር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ልጆቻችን የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮማንደርስ ሲጫወት ቤቱን ይቀውጡታል፤ እኛም አብረን ማየት ለምደናል። የጨዋታው ሕግ ብዙም አያስቸግረንም። ያልገባን ጃንዋሪ ላይ የሚመጣው ዋይልድ ካርድ የሚሉት ነው። በ2024 ውድድር ዘመን ሚኒሶታ 14 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ 10 ብቻ ያሸነፈው የሎስ አንጀለሱ ራምስ ዘንድ ሄዶ ተጫወተ። ይህ እንዴት ይሆናል? እኩል ያሸነፉ ቡድኖችስ በምን ይለያሉ?

ምላሽ፦ ሰንጠረዡን እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከላይ ወደ ታች ካነበባችሁት መልሱን አታገኙትም። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል ሁሉንም ቡድን በአንድ ላይ የሚያሰልፍ ሰንጠረዥ የለውም። ቅድሚያ የምድብ ውጤት ይታያል፤ የኮንፈረንስ ውጤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገባውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ሚኒሶታን የጎዳው የራሱ ውጤት ማነስ አልነበረም፤ እዚያው ምድብ ውስጥ 15 ያሸነፈ ጎረቤት ነበረው።

ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት፤ 16ቱ በኤኤፍሲ፣ 16ቱ በኤንኤፍሲ ኮንፈረንስ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ደቡብና ምዕራብ የሚባሉ አራት ምድቦች ሲኖሩት በየምድቡ አራት ቡድን አለ። ስሞቹን ከካርታ ጋር ለማስታረቅ አትድከሙ፤ የቴክሳሱ ዳላስ ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ጋር የሚጫወተው በምሥራቅ ምድብ ነው።

ከ2021 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን በ18 ሳምንት ውስጥ 17 ጨዋታ ያደርጋል፤ አንዱ ሳምንት ዕረፍቱ ነው። ጨዋታዎቹ ከማን ጋር እንደሆኑ ማወቅ ለኋላው ይጠቅማል። ስድስቱ ከምድብ ጓደኞቹ ጋር በደርሶ መልስ የሚደረጉ ናቸው። አራቱ ከራሱ ኮንፈረንስ አንድ ሙሉ ምድብ ጋር፣ ሌሎች አራት ከሌላው ኮንፈረንስ አንድ ሙሉ ምድብ ጋር ይደረጋሉ። የቀሩት ሦስቱ ባለፈው ዓመት በየምድባቸው እሱ በጨረሰበት ደረጃ ከጨረሱ ቡድኖች ጋር ናቸው፤ ሁለቱ ከራሱ ኮንፈረንስ፣ አንዱ ከሌላው። ሲደመር 12 ጨዋታ ከራስ ኮንፈረንስ፣ 5 ጨዋታ ከሌላው ኮንፈረንስ ይሆናል። ይህችን 12 ቁጥር ያዟት።

መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ ሰባት ቡድን ያልፋል። አራቱ የምድብ አሸናፊዎች በውጤታቸው ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 4 ያለውን ቁጥር ይይዛሉ። ከቀሩት 12 ቡድኖች መካከል ጥሩ ውጤት ያላቸው ሦስቱ ደግሞ 5፣ 6 እና 7 ቁጥርን ያገኛሉ፤ ዋይልድ ካርድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ምድቡን ያላሸነፈ ቡድን የፈለገውን ያህል ቢያሸንፍ ከቁጥር 5 በላይ ሊወጣ አይችልም፤ ምድቡን ያሸነፈም የፈለገውን ያህል ቢሸነፍ ከቁጥር 4 በታች አይወርድም። የእናንተ ጥያቄ መልስ በዚህ ውስጥ አለ።

በ2024 የኤንኤፍሲ ምድብ አሸናፊዎች እነዚህ ነበሩ፦ ዲትሮይት 15 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ቁጥር 1፣ ፊላደልፊያ 14 ለ3 ቁጥር 2፣ ታምፓ ቤይ 10 ለ7 ቁጥር 3፣ ራምስ 10 ለ7 ቁጥር 4። ዋይልድ ካርዶቹ ሚኒሶታ 14 ለ3፣ ዋሽንግተን 12 ለ5፣ ግሪን ቤይ 11 ለ6 ሆነው 5፣ 6 እና 7 ቁጥርን ያዙ። ልብ በሉ፤ ሦስቱም ዋይልድ ካርዶች ከታምፓና ከራምስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ ግን ሦስቱም ከሜዳቸው ውጭ ተጫወቱ። ዲትሮይት፣ ሚኒሶታና ግሪን ቤይ ሦስቱም ከሰሜን ምድብ ናቸው። በሕጉ መሠረት አንድ ምድብ አራቱንም ቡድኖቹን ሊያሳልፍ ይችላል፤ አንዱን በአሸናፊነት፣ ሦስቱን በዋይልድ ካርድ።

ሚኒሶታ ምን ያህል ተጠግቶ እንደነበር የሚታየው በ18ኛው ሳምንት ነው። ጃንዋሪ 5፣ 2025 ሁለቱም 14 ለ2 ሆነው ዲትሮይት ላይ ተገናኙ። ያሸነፈው ቁጥር 1 ሆኖ አንድ ሳምንት ሊያርፍ፣ የተሸነፈው ቁጥር 5 ሆኖ ወደ ሰው ሜዳ ሊሄድ ነው። ዲትሮይት 31 ለ9 አሸነፈ። በአንድ ጨዋታ ከቁጥር 1 ወደ ቁጥር 5 መውረድ ማለት ይህ ነው። 14 ጨዋታ አሸንፎ በዋይልድ ካርድ የገባ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ጥያቄያችሁ ላይ አንድ ነገር ላርም። ራምስ አስተናጋጅ ይሁን እንጂ ጨዋታው ሎስ አንጀለስ ውስጥ አልተደረገም። በዚያ ሳምንት ከተማዋን ባጠቃው ሰደድ እሳት ምክንያት ወደ አሪዞናዋ ግሌንዴል ተዛውሮ ጃንዋሪ 13 ተካሄደ። ቦታው ቢቀየርም አስተናጋጅነቱ የራምስ ነበር፤ ራምስም 27 ለ9 አሸነፈ።

አሠራሩ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ክርክር ያረጀ ነው። ሲያትል በ2010 ውድድር ዘመን 7 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ምድቡን ወሰደና 11 ለ5 የነበረውን ኒው ኦርሊንስን በሜዳው አስተናግዶ 41 ለ36 አሸነፈው። ካሮላይና በ2014 በ7 ማሸነፍ፣ በ8 ሽንፈትና በአንድ አቻ ምድቡን አሸንፎ 11 ለ5 የነበረውን አሪዞናን አሰናበተ። የእናንተው ዋሽንግተንም በ2020 በ7 ለ9 ውጤት አስተናጋጅ ሆኖ ነበር፤ እንግዳው ታምፓ ቤይ 31 ለ23 ረታው። በ2025 ደግሞ ዲትሮይት፣ ከአሠራሩ ዋነኛ ተጠቃሚ የነበረው ራሱ፣ ዋይልድ ካርድ ቡድን ውጤቱ ከምድብ አሸናፊ ከበለጠ ከፍ ያለ ቁጥር ይያዝ የሚል ሐሳብ ለሊጉ አቀረበ። በቂ ደጋፊ አላገኘምና ድምፅ ሳይሰጥበት አነሣው። በእኔ አስተያየት የምድብ አሸናፊ ጥሎ ማለፍ ውስጥ መግባቱ ተገቢ ነው፤ የምድብ ውድድር ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው። 10 ያሸነፈ 14 ያሸነፈውን በሜዳው እንዲጠብቅ ማድረጉ ግን ይከብደኛል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ዋይልድ ካርድ ሳምንት እንምጣ። ቁጥር 1 አይጫወትም፤ ያርፋል። ቁጥር 2 ከ7፣ ቁጥር 3 ከ6፣ ቁጥር 4 ከ5 ይገናኛሉ። በኮንፈረንስ ሦስት፣ በጠቅላላ ስድስት ጨዋታ ይሆናል። ደርሶ መልስ የለም፤ አንድ ጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። አነስተኛ ቁጥር ያለው፣ ማለትም ወደ 1 የቀረበው፣ በሜዳው ያስተናግዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን ዙር ነው። እንደ ዓለም ዋንጫ የዚህ ጨዋታ አሸናፊ ከዚያኛው አሸናፊ ጋር ይገናኛል ተብሎ አስቀድሞ የተሰመረ መስመር የለም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የቀሩት እንደገና ይደረደራሉ፤ ቁጥር 1 ሁልጊዜ ከቀሩት ሁሉ ትልቁን ቁጥር ከያዘው ጋር ይገጥማል፤ ሌሎቹ ሁለቱ እርስ በርስ ይጫወታሉ። ለዚህ ከዋሽንግተን የ2024 ጉዞ የተሻለ ማሳያ የለም። ኮማንደርስ ቁጥር 6 ሆኖ ታምፓ ሄደና 23 ለ20 አሸነፈ፤ የመጨረሻዋ የፊልድ ጎል ምት (በቋሚዎቹ መካከል ስትገባ ሦስት ነጥብ የምታስገኘው) ሰዓቱ እያለቀ የጎሉን ቋሚ መትታ የገባችውን አትረሷትም። ፊላደልፊያ ግሪን ቤይን 22 ለ10፣ ራምስ ሚኒሶታን አሸነፉ። የቀሩት 1፣ 2፣ 4 እና 6 ቁጥር ናቸው። መስመሩ ቋሚ ቢሆን ኖሮ ዲትሮይት የ4 እና 5 አሸናፊ የሆነውን ራምስን ያገኝ ነበር። እንደገና ሲደረደሩ ግን ከቀሩት ትልቁ ቁጥር የዋሽንግተን ስለነበር ዲትሮይት ሄደ፤ ራምስ ወደ ፊላደልፊያ ተላከ። ሐሳቡ ቁጥር 1ን ለመጥቀም ነበር፤ ኮማንደርስ ግን 45 ለ31 አሸንፎ ወጣ። በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ፊላደልፊያ 55 ለ23 አሸነፈውና ጉዞው እዚያ ቆመ። ፊላደልፊያ በኋላ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 ረትቶ የሊጉን ፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውሉን፣ ወሰደ።

ስለዚህ ቅዳሜ ላይ ቡድናችሁ ቢያሸንፍ ቀጣዩን ተጋጣሚ ለማወቅ የኮንፈረንሱ ሦስቱም ጨዋታ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዴ እስከ ሰኞ ሌሊት።

ከዚህ አሠራር የቁጥር 1 ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይታያል። ዕረፍት የሚያገኘው እሱ ብቻ ነው፤ እስከ ሱፐር ቦውል ድረስም ከሜዳው አይወጣም። ይህ የሆነው ከ2020 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ ስድስት ቡድን ያልፍ ነበር፤ ቁጥር 1ም ቁጥር 2ም ያርፉ ነበር። ወደ ኋላ ከሄድን፣ በ1970 ኤንኤፍኤልና ተፎካካሪው ሊግ ኤኤፍኤል ሲዋሃዱ ዋይልድ ካርድ በኮንፈረንስ አንድ ብቻ ነበረ፤ ራሱን የቻለ ዙርም አልነበረውም። በ1978 ሁለት ሲሆኑ እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ዙር ተፈጠረ፤ በ1990 ሦስት ሆኑ፤ በ2002 ምድቦቹ ስምንት ሲደረጉ ወደ ሁለት ተመለሱ፤ በ2020 እንደገና ሦስት። የቆየ ውጤት ስታነቡ ዓመቱን ካላያችሁ ሒሳቡ አይገጥምላችሁም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ እኩል ሲሆኑ በምን ይለያሉ የሚለው፣ ረዘም ያለ ነው። መጀመሪያ እኩል ማለት ምን እንደሆነ እንያ። ሊጉ ነጥብ አይቆጥርም፤ የማሸነፍ መቶኛ ነው የሚያሰላው። አቻ ግማሽ ማሸነፍና ግማሽ መሸነፍ ሆኖ ይቆጠራል። 9 አሸንፎ 7 ተሸንፎ አንድ አቻ የወጣ ቡድን 9.5ን ለ17 አካፍሎ 0.559 ያገኛል፤ 9 ለ8 የሆነው 0.529 ነው። ይህ ትንሽ ልዩነት በ2021 ዘመን ፒትስበርግን አስገብቷል። ፒትስበርግ ከዲትሮይት ጋር 16 ለ16 በመውጣቱ 9-7-1 ጨረሰ። በመጨረሻው ሌሊት ቻርጀርስና ሬደርስ ሁለቱም 9 ለ7 ሆነው ተገናኙ። አቻ ቢወጡ ሁለቱም ያልፉ፣ ፒትስበርግ ይወድቅ ነበር። ተጨማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሬደርስ በፊልድ ጎል 35 ለ32 አሸነፈ፤ ቻርጀርስ 9 ለ8 ሆኖ ቀረ፤ ፒትስበርግ ቁጥር 7ን ያዘ።

መቶኛው እኩል ሲሆን ሁለት የተለያዩ የመለያ መንገዶች አሉ፤ ስህተቱ የሚበዛውም እነሱን በማደባለቅ ነው።

ሁለቱ ቡድኖች ከአንድ ምድብ ከሆኑ በመጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤት ይታያል። በደርሶ መልሱ አንድ አንድ ከተሸናነፉ በምድቡ ስድስት ጨዋታ ያላቸው ውጤት፤ ያም እኩል ከሆነ ሁለቱም ከገጠሟቸው የጋራ ተጋጣሚዎች ጋር ያላቸው ውጤት፤ ከዚያ በ12ቱ የኮንፈረንስ ጨዋታ ያላቸው ውጤት። አምስተኛው ያሸነፏቸው ቡድኖች ጥንካሬ ነው፤ ስድስተኛው የተጋጣሚዎቻቸው ሁሉ ጥንካሬ።

ከተለያየ ምድብ ከሆኑ ደግሞ ተገናኝተው ከነበረ የእርስ በርስ ውጤታቸው ይቀድማል። ካልተገናኙ በቀጥታ ወደ ኮንፈረንስ ውጤት ነው የሚኬደው። የጋራ ተጋጣሚዎች የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ቢያንስ አራት ጨዋታ ካለ። ልዩነቱን አያችሁ? በምድብ ውስጥ የጋራ ተጋጣሚ ከኮንፈረንስ ይቀድማል፤ በዋይልድ ካርድ ግን ኮንፈረንስ ይቀድማል። ቀጥሎ ያሸነፏቸው ቡድኖች ጥንካሬ፣ ከዚያ የተጋጣሚ ሁሉ ጥንካሬ ይመጣል። ያስቆጠሩትና የተቆጠረባቸው ነጥብ የሚገባው እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው፤ በመጨረሻው መጨረሻ ሳንቲም ይወረወራል። እኛ በእግር ኳስ የለመድነው የግብ ክፍያ እዚህ ከሞላ ጎደል ዋጋ የለውም። ደካማ ቡድን ላይ 50 ነጥብ ማስቆጠር ለዋይልድ ካርድ ስሌት ምንም አይፈይድም ብላችሁ ብትይዙ አትሳሳቱም።

የምድብ አሸናፊዎች እርስ በርስ እኩል ሲሆኑም፣ ለምሳሌ ማን ቁጥር 3 ማን ቁጥር 4 ይሁን ሲባል፣ የሚሠራው ይኸው ሁለተኛው መንገድ ነው።

የ2024 ኤኤፍሲ ቀላል ምሳሌ ይሰጠናል። ፒትስበርግና ዴንቨር ሁለቱም 10 ለ7 ጨረሱ። በሁለተኛው ሳምንት ፒትስበርግ ዴንቨር ላይ 13 ለ6 አሸንፎ ስለነበር ፒትስበርግ 6፣ ዴንቨር 7 ሆነ። ሴፕቴምበር ላይ ማንም ልብ ያላለው ጨዋታ ጃንዋሪ ላይ ማን ወዴት እንደሚጓዝ ወሰነ፤ ፒትስበርግ ወደ ባልቲሞር፣ ዴንቨር ወደ ቡፋሎ ሄዱ። (ሁለቱም ተሸነፉ።)

አምስተኛው መለያ እምብዛም አይደረስበትም፤ ነገር ግን ሚኒሶታን የጠበቀው ራምስ እዚያ የደረሰው በእሱ ነው። ራምስና ሲያትል ሁለቱም 10 ለ7 ጨረሱ። እርስ በርስ አንድ አንድ ተሸናነፉ፤ በምድብ ሁለቱም 4 ለ2፤ የጋራ ተጋጣሚውም ኮንፈረንሱም አልለያቸውም። የለያቸው ያሸነፏቸው ቡድኖች ጥንካሬ ነበር። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ቡድኑ ያሸነፋቸው ተጋጣሚዎች በዝርዝር ይጻፋሉ፤ ሁለት ጊዜ የተሸነፈለት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ የእነዚያ ቡድኖች የውድድር ዘመን ማሸነፍና መሸነፍ ተደምሮ መቶኛው ይወጣል። ስለዚህ ራምስ ያሸነፋቸው ቡድኖች በ17ኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ሲያሸንፉ ራምስ ቁጭ ብሎ ምድቡን አሸነፈ። በ18ኛው ሳምንት ዋናውን ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውን ተጫዋች) አሳርፎ በሲያትል ሲሸነፍ ምንም ያልጎደለበት ለዚህ ነው። ሲያትል በ10 ማሸነፍ ቀረ፤ የዋይልድ ካርዱ የመጨረሻ ቦታ በ11 ማሸነፍ ግሪን ቤይ ዘንድ ነበር።

ሦስትና ከዚያ በላይ ቡድን እኩል ሲሆን አንድ ቅድመ ሥራ አለ፤ ጋዜጠኞች ሳይቀሩ የሚዘሉት ይህን ነው። እኩል ከሆኑት መካከል ከአንድ ምድብ የመጡ ሁለት ካሉ አስቀድሞ በምድብ መለያው አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ሌላው ለጊዜው ገለል ይላል። ከየምድቡ አንድ አንድ ብቻ ሲቀር ነው የዋይልድ ካርዱ መለያ የሚጀምረው። ተራራ ምድብ ውስጥ ሀ እና ለ፣ ሜዳ ምድብ ውስጥ ሐ ሦስቱም 10 ለ7 ናቸው እንበል። ለ ሐን አሸንፎት ይሆናል፤ ነገር ግን ሀ ለን በምድብ ከበለጠው መጀመሪያ የሚወዳደሩት ሀ እና ሐ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ለ ይመለሳል፤ ስሌቱ ከቀረው ጋር እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ደረጃ ይነሣል። ሦስቱም ከተለያየ ምድብ ከሆኑ ደግሞ የእርስ በርስ ውጤት የሚሠራው አንዱ ሌሎቹን ሁሉ ካሸነፈ ወይም በሁሉም ከተሸነፈ ብቻ ነው። ሀ ለን፣ ለ ሐን ቢያሸንፉ፣ ሀ እና ሐ ግን ካልተገናኙ፣ ይታለፍና ወደ ኮንፈረንስ ውጤት ይኬዳል።

ዲሴምበር ሲመጣ ከልጆቻችሁ ጋር ቤት ውስጥ ማስላት ከፈለጋችሁ የኮንፈረንሱን አራት መሪዎች ለብቻ አውጡ፤ የቀሩትን 12 በመቶኛ ደርድሩ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የኮንፈረንስ ውጤቱን ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም። በኮንፈረንስ ተጋጣሚ መሸነፍ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንዴ በጠቅላላው መቶኛ፣ አንዴ በመለያው። ከሌላው ኮንፈረንስ ጋር የሚደረጉት አምስቱ ግን ለመቶኛው ነው የሚቆጠሩት እንጂ ለኮንፈረንስ መለያው አይገቡም። ዋሽንግተን በፊላደልፊያ መሸነፉና በቡፋሎ መሸነፉ ስለዚህ አንድ አይደለም። በየድረ ገጹ ከቡድን ስም ጎን የሚለጠፉት ፊደላት (ማለፉን ያረጋገጠ፣ ምድቡን ያረጋገጠ፣ የወደቀ) ከቦታ ቦታ ትርጉማቸው ስለሚለያይ ግርጌውን ሳታነቡ አትደሰቱ።

የ18ኛው ሳምንት ጨዋታ ሁሉ የምድብ ጨዋታ ነው፤ ሊጉ ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ እስከ መጨረሻው የሚያጓጓ ነገር እንዲኖር። ያም ሆኖ የሚበላሽ ነገር አለ። ቦታውን ያረጋገጠ ቡድን ዋና ተጫዋቾቹን ያሳርፋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሦስተኛ ወገን ነው። በ2024 ሲንሲናቲ አምስት ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ 9 ለ8 ጨረሰ፤ ለማለፍ ዴንቨርም ማያሚም መሸነፍ ነበረባቸው። ማያሚ ተሸነፈ። ዴንቨር ግን ቁጥር 1ን አስቀድሞ ያረጋገጠውንና ዋና ተጫዋቾቹን ያሳረፈውን ካንሳስ ሲቲን 38 ለ0 አሸነፈ፤ ሲንሲናቲ ቀረ። በሰው ውጤት ላይ የተንጠለጠለ ቡድን ሊያማርር አይችልም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ያማርራል።

የጨዋታው ሕግ ራሱ ከመደበኛው የሚለየው በተጨማሪ ሰዓት ነው። በመደበኛው ውድድር ተጨማሪው 10 ደቂቃ ነው፤ አቻም ሊያልቅ ይችላል። በጥሎ ማለፍ አቻ የለም፤ 15 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ካልለየ ሌላ 15፤ አሸናፊ እስኪገኝ። ጃንዋሪ 2022 ካንሳስ ሲቲ ቡፋሎን 42 ለ36 ሲያሸንፍ ቡፋሎ በተጨማሪው ሰዓት ኳስ የማጥቃት ዕድል ሳያገኝ ነው የወጣው። በዚያው ዓመት ሕጉ ተለወጠ፤ አሁን የመጀመሪያው ቡድን ታችዳውን (ኳሷን እስከ ተጋጣሚው መጨረሻ ክልል አድርሶ የሚገኝ ስድስት ነጥብ) ቢያስቆጥርም ሁለተኛው አንድ የማጥቃት ዕድል አለው። ከሁለቱ በኋላም እኩል ከሆኑ ቀድሞ ያስቆጠረ ያሸንፋል። ሁለተኛው ቡድን ዕድሉን ሳያገኝ ጨዋታው የሚያልቀው ተከላካዩ በመጀመሪያው የማጥቃት ተራ ላይ ሴፍቲ (አጥቂውን በራሱ መጨረሻ ክልል ውስጥ አስቁሞ የሚገኝ ሁለት ነጥብ) ካገኘ ወይም ኳሷን ነጥቆ ታችዳውን ካደረጋት ነው። በዚህ ምክንያት የሳንቲሙ ምርጫ እንደ ድሮው ግልጽ አይደለም፤ ሁለተኛ ማጥቃት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አውቆ መግባት ነው። በፌብሩዋሪ 2024ቱ ሱፐር ቦውል ሳን ፍራንሲስኮ መቀበልን መርጦ ፊልድ ጎል አገባ፤ ካንሳስ ሲቲ በታችዳውን መልሶ 25 ለ22 አሸነፈ።

የጨዋታዎቹ ቀን ብዙውን ጊዜ በገናና በጥምቀት መካከል ባለው ቅዳሜና እሑድ ላይ ይውላል፤ ሁለት ቅዳሜ፣ ሦስት እሑድ፣ ከ2021 ውድድር ዘመን ወዲህ ደግሞ አንድ ሰኞ ማታ። በጃንዋሪ 2025 የመጀመሪያው የቅዳሜ ጨዋታ በእናንተ ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 4፡30፣ ሁለተኛው ማታ 8፡00 ላይ ነበር፤ እሑድ ደግሞ 1፡00፣ 4፡30 እና 8፡00። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችሁ ስምንት ሰዓት ይቀድሟችኋል፤ ለእነሱ የእሑድ የመጀመሪያው ጨዋታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ይመቻል፤ የማታ 8፡00ው ግን ሲነጋጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ጨዋታው በክፍያ መተግበሪያ ብቻ የሚተላለፍ ቢሆንም በተጋጣሚዎቹ ከተሞች በነፃ አንቴና ጣቢያ ይታያል፤ ኮማንደርስ ሲጫወት ለዚህ ተብሎ አዲስ ክፍያ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

አየሩ ራሱ ተጋጣሚ ነው። ጃንዋሪ 13፣ 2024 ሞቃታማው ማያሚ ካንሳስ ሲቲ ላይ ሲጫወት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ 26 ለ7 ተሸነፈ። በዚያው ሳምንት የቡፋሎና የፒትስበርግ ጨዋታ በበረዶ ማዕበል ምክንያት ከእሑድ ወደ ሰኞ ተላለፈ። ቁጥሩን ማሻሻል ማለት ከነጥቡ ሌላ በየትኛው አየር እንደምትጫወት መምረጥም ነው።

ታዲያ በዋይልድ ካርድ የገባ ሱፐር ቦውልን ሊያሸንፍ ይችላል? ከ1970ው ውሕደት ወዲህ ሆኗል፦ ሬደርስ በ1980፣ ዴንቨር በ1997፣ ባልቲሞር በ2000፣ ፒትስበርግ በ2005፣ ጃይንትስ በ2007፣ ግሪን ቤይ በ2010፣ ታምፓ ቤይ በ2020 ውድድር ዘመን። አራት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት፤ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ በሰው ሜዳ። ጃይንትስ ታምፓን፣ ዳላስንና ግሪን ቤይን በየሜዳቸው ረትቶ እስከዚያ 18 ጨዋታ ያልተሸነፈውን ኒው ኢንግላንድን 17 ለ14 አሸነፈ። ቁጥር 7 ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከ2020 እስከ 2024 ውድድር ዘመን ድረስ አንድ ጨዋታ እንኳ ያሸነፈው ግሪን ቤይ ብቻ ነው፤ ጃንዋሪ 2024 ዳላስን በሜዳው 48 ለ32።

በዋይልድ ካርድ ዙር የወደቁት ስድስቱ በሚቀጥለው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ከ19ኛ እስከ 24ኛ ተራ ይይዛሉ፤ ደካማ ውጤት የነበረው ይቀድማል። የቀጣዩ ዓመት መርሐ ግብር ግን የሚወጣው በምድብ ደረጃ ነው፤ የጥሎ ማለፍ ውጤት አይታይበትም። ሚኒሶታ 14 ያሸነፈ ሆኖ ሳለ በ2025 እነዚያን በምድብ ደረጃ የሚመደቡ ሦስት ጨዋታዎች ያገኘው በየምድባቸው ሁለተኛ ከወጡት ጋር ነው፤ ራምስ በ10 ማሸነፉ ከአንደኞቹ ጋር ተመደበ። እዚህ ላይ እንኳ ሚኒሶታ ትንሽ ተካሰ።